ከማሩ ሞት የተቀዳ ትምህርት

ዝናሽ የዩኒቨርሲቲውን ትልቅ አዳራሽ ቁልፍ ከያዘች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ስብሰባ ሲኖር ቀድማ ትከፍታለች፤ ወንበር ትወለውላለች፤ መድረኩ ላይ የታሸገ ውሃ ትደረድራለች። ከዚያ የኋላው በር አጠገብ ቆማ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። በዚያ አዳራሽ ያልተወራ ነገር የለም። ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ጣና እምቦጭ፣ ስለ መምህራን ደረጃ ዕድገት ሲነገር ሰምታለች፤ አብዛኛው ግን ከጆሮዋ አልፎ ልቧ አይደርስም ነበር።

ባሏ ማሩ የገሳይ ገጠር ሰው ነበር። የአባቱ መሬት ለሁለት ወንድማማች አልበቃ ሲል ለታላቁ ለቢያድግልኝ ትቶለት ደብረ ታቦር መጣ። የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ፤ ዝናሽንም እዚሁ አገባት። ልጃቸው መክሊት ዳዴ ስትል አስናቀ የሚባል የገሳይ አብሮ አደጉ ከሩቅ ደወለለት። አስናቀ በምሥራቁ ቆላ ነዳጅ በሚያወጣ ኩባንያ ተቀጥሮ ነበርና ለማሩም ቦታ አገኘለት። ሁለቱ በአንድ የኔታ ፊት ፊደል የቆጠሩ፣ በአንድ ማኅበር ጽዋ የጠጡ ነበሩ። ማሩ ጓደኛውን አምኖ ሄደ።

ማሩ ስልክ ሲያገኝ ስለ ሥራው ማውራት ይወድ ነበር። ኩባንያው ከመሬት በታች ያለውን በድምፅ ነው የሚያየው ይላታል። ከባድ መኪኖች መሬቱን ያንቀጠቅጡታል፤ ድምፁ ወርዶ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ሲመለስ ኮምፒውተር ይሥለዋል። «ገደል ማሚቶ ማለት እኮ ነው» ይላት ነበር፤ «እኛ ገደል ማሚቶ ሰምተን ዝም እንላለን፤ እነሱ ሥዕል ያወጡበታል።» የእሱ ሥራ በየጉድጓዱ አፍ የተተከሉትን መለኪያዎች መጠገንና መጥረግ ነበር። መለኪያዎቹ የነዳጁን ግፊትና ሙቀት ያለማቋረጥ ሩቅ ከተማ ላለ መቆጣጠሪያ ክፍል ይልካሉ። አንዱ አቧራ ከዋጠው ኮምፒውተሩ ጉድጓዱ የታመመ ይመስለውና ቧንቧውን ይዘጋል። ስለዚህ ማሩ ቀኑን ሙሉ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየሮጠ ይጠርጋል።

መክሊት ሁለተኛ ክፍል ሳለች አስናቀ የማሩን አስከሬን ይዞ መጣ። ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ልቡ ቆመ፤ አልተሰቃየም አለ። ሳጥኑ በቆላው ሙቀት ምክንያት ታሽጎ ስለነበር አልተከፈተም። ገሳይ ተቀበረ። አስናቀ ከሁሉ በላይ አለቀሰ፤ ቢያድግልኝ ነው ደግፎ ከመቃብሩ ያነሳው። ኩባንያውም ሟቹ የሞተው በራሱ ሕመም ስለሆነ ካሳ የለም ብሎ ነገሩን ዘጋው። ዝናሽም ክርክር አላነሳችም። ሰው ልቡ ሲቆም ማንን ይከሳል?

ከዚያ በኋላ አስናቀ ለዕረፍት በመጣ ቁጥር ቤቷ ጎራ ይል ነበር። ለመክሊት ደብተርና ቦርሳ ያመጣላታል፤ የጂኦሎጂ ትምህርት እንድትማር የመከራትም እሱ ነው። ልጅቱ ጎበዝ ተማሪ ሆነች። አባቷ የሠራበትን ዓለም ከመጽሐፍ ስታገኘው እናቷን ቁጭ አድርጋ ታስረዳት ጀመር። ዝናሽ የሚገባትም የማይገባትም ነበር፤ የልጇን ድምፅ ስትሰማ ግን ማሩ የደወለላት ይመስላት ነበር።

መክሊት በምትመረቅበት ዓመት ሚያዝያ ላይ ኩባንያው ተመራቂዎችን ሊያስተምርና የሚቀጥራቸውን ሊመርጥ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። የመጣው አሰልጣኝ አስናቀ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እንደ ሹም ይራመዳል። ዝናሽ ኮራችበት። ውሃውን ራሷ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። የሚያሳየውን ግን አልነገራትም።

ሲናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ድሮ አንድ ጉድጓድ ሲደክም ትተውት ይሄዱ እንደነበር፣ አብዛኛው ነዳጅ ግን ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ከታች ይቀር እንደነበር ነገራቸው። ዛሬ በአንዱ በኩል ውሃና ጋዝ አስገብተው በሌላው በኩል ይገፉታል። መሰርሰሪያውም ቀጥ ብሎ ወርዶ እንደ ዛፍ ሥር ወደ ጎን ይታጠፋል። በየጉድጓዱ ያለው መለኪያ ለመቆጣጠሪያው ክፍል ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ቧንቧውን መቼ እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ ያውቃል። በዚህ ሁሉ የኩባንያው ምርት እጥፍ ሆኗል አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ዕውቀት ነው አላቸው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጉድጓድ ዛሬ የተማረውን ነገ ሁሉም ጉድጓድ ሊያውቀው ይገባል። ስሕተትም ይቀዳል፤ ስሕተትም እንደ ነዳጅ ተጣርቶ ጥቅም ላይ ይውላል። «አሁን የማሳያችሁ በእውነተኛ ካሜራ የተቀዳ ነው» አለና መብራቱ እንዲጠፋ አዘዘ።

በግድግዳው ላይ የጠራራ ፀሐይ ታየ። የራስ ቁር ያደረገ፣ ፊቱ እንዳይለይ በኮምፒውተር የደበዘዘ ሠራተኛ ከመሣሪያ ቦርሳው ጋር ወደ አንድ ጉድጓድ አፍ ይመጣል። በአፉ ዙሪያ ሠራተኞቹ ምድር ቤት የሚሉት፣ የሰው ቁመት የሚውጥ የሲሚንቶ ክፍል አለ። ሰውየው ሲራመድ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ያወጣል። ማሩ ወጣት ሳለ የቤት ክዳን ሲከድን ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ነበር፤ ወጌሻው አጣሞ አሸው። ዝናሽ የዚያን እግር አረማመድ ከግቢ በር ጀምሮ በድምፁ ታውቀው ነበር። ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች።

ሰውየው ጫፉ ላይ ቆመ። ቦርሳውን አስቀመጠ። የራስ ቁሩን አወለቀና ሦስት ጊዜ አማተበ። ቁሩን መልሶ አድርጎ በመሰላሉ ወረደ። ከዚያ በኋላ ፀሐይና ሲሚንቶ ብቻ ነው የሚታየው። ቆይቶ ከላይኛው የመሰላል እርከን ላይ አንድ እጅ ታየ። ጣቶቹ ብረቱን ጨበጡ፤ ቀስ ብለው ለቀቁት።

አስናቀ ፊልሙን አቁሞ ማብራራት ጀመረ። ይህ ሠራተኛ የጋዝ ማንቂያ ደወሉን ራሱ አጥፍቶታል አለ። መለኪያ አልያዘም፤ ጭንብል አላደረገም። ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፤ መጀመሪያ የሚገድለው የአፍንጫን ማሽተት ነው። «እንግዲህ ጋዙን መለካት ሲገባው ምን ሲያደርግ አያችሁት?» አለ፤ «አማተበ። ማማተብ ጋዝ አይለካም።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ወጣቶች ናቸው፣ ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣ ሳቅ ነው። መክሊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ዝናሽ ከኋላ አየቻት።

ስብሰባው አልቆ ሰው ሲወጣ ዝናሽ የፊቱን በር ዘጋችና ወደ መድረኩ ሄደች። አስናቀ ብቻውን የኮምፒውተሩን ገመድ ይጠቀልላል።

«ያ ሰው ማሩ ነው» አለችው።

አልካደም። መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ገመዱን ጭኑ ላይ አደረገ። «ፊቱን ሸፍነነዋል» አለ። «ማንም አያውቀውም።»

«እግሩን አልሸፈናችሁትም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ምናልባት ከሷ ሌላ የሚነግረው ሰው አጥቶ ኖሮ ይሆናል፤ ምናልባትም የሷ ቃል ከአዳራሹ በር እንደማያልፍ ስላወቀ ነው። ማሩ ልቡ አልቆመም። ያኔ የማንቂያው ደወል በሆነው ባልሆነው ይጮህ ነበር፤ በጮኸ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጉድጓዱን ይዘጋዋል፤ ምርት ይወርዳል። ከከተማው መቆጣጠሪያ ክፍል እየደወሉ ዛሬም ዘጋችሁ እያሉ ይቆጡ ነበር። በመጨረሻ የፈረቃው አለቃ ደወሉ ይጥፋ አለ። ያጠፋው አስናቀ ነው። ለማሩ ሊነግረው አስቦ ነበር፤ ሌላ ጉድጓድ ጠሩትና ሳይነግረው ሄደ። ማሩ ደወሉ ዝም ካለ ጋዝ የለም ብሎ ወረደ። ምርመራ ሲመጣ አለቃውና አስናቀ ተመካክረው ደወሉን ያጠፋው ሟቹ ነው አሉ። ለቤተሰቡ ደግሞ የልብ ሕመም ነው በሉ ተባሉ።

«ለምን በሱ አሳበብክ?»

«እሱ ሞቷል። ለሱ ምን ይጨምርበታል? እኔ ግን ያን ጊዜ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች።»

 አስናቀ መናገሩን ቀጠለ። ኩባንያው ከዚያ ሞት በኋላ ደንቡን ሁሉ ለወጠ፤ ደወሎቹን በአዲስ ተካ፤ ማንም ሰው ሳይለካ ምድር ቤት አይወርድም። እያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያንን ፊልም ያያል። ከዚያ ወዲህ በጋዝ አንድም ሰው አልሞተም። ጉድጓዶቹ ሳይቆሙ ስለሚውሉ ምርቱም ጨመረ። «ማሩ ስንቱን እንዳዳነ አታውቂም» አላት።

«ሲያማትብ ያለውን ቁረጠው» አለችው። «ሌላውን ተወው። እሱን ብቻ ቁረጠው።»

«እሱማ አይቆረጥም» አለ አስናቀ። «ሰው የሚያስታውሰው እኮ እሱን ነው።»

ገመዱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ መክሊትን ከሁሉ አስቀድሞ እንደመረጣት፣ ነገሩ ከተወራ ግን ዕድሏን እንደምታጣ ነገራት። ቢያድግልኝ ከሰማ ደግሞ ጠመንጃውን ያነሳል፤ ደም የሚፈስሰው ገሳይ ላይ ነው። ይህን ያላት በቁጣ አልነበረም፤ እንደሚያዝንላት ሰው ነው የነገራት። የከፋውም ይሄ ነበር።

ዝናሽ ለማንም አልነገረችም። ልቡ ቆመ ብላ ያለቀሰችውን ሁሉ እንደገና ለብቻዋ አለቀሰች፤ አሁን ግን በዓይኗ የሚመጣው ብረቱን የለቀቀው እጅ ነው። መክሊት መመረጧን ስትሰማ እየዘለለች እናቷን አቀፈቻት፤ ዝናሽም ተቀብላ ሳመቻት።

ፊልሙ ግን ከአዳራሹ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ይኖር ጀመር። አንድ ተማሪ ፈተና ሊገባ ሲያማትብ ጓደኛው «ማማተብ ጋዝ አይለካም» ይለዋል። ካፍቴሪያ ውስጥ ወጡን አይቶ ለሚያማትብ እንዲሁ ይባላል። ዝናሽ ወንበር ስትወለውል ከጀርባዋ ይሉታል። አንገቷን ደፍታ መወልወሏን ትቀጥላለች።

ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ እናትና ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ባጃጅ ሊሳፈሩ ሲሉ ዝናሽ እንደ ልማዷ አማተበች። መክሊት ክንዷን ያዝ አድርጋ እየሳቀች ያንኑ ቃል አለቻት።

ዝናሽ ባጃጁን አሰናበተችው። በእግር ሄዱ። ከገቡ በኋላ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከአስናቀ የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። መክሊት ቆማ ሰማች። ስለ ደወሉ፣ ስለ አለቃው ወይም ስለ አስናቀ አልጠየቀችም።

«እኔ ስስቅ አይተሽኛል?» አለች።

ዝናሽ አላየሁም ልትል ትችል ነበር። ግን በልቧ የተጠራቀመው መረረ። «አየሁሽ» አለቻት።

ልጅቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ምግብም አልቀመሰችም። በማግሥቱ ጧት ለእናቷ ሳትናገር በሚኒባስ ገሳይ ወጣችና ለአጎቷ ለቢያድግልኝ ነገረችው። ዝናሽ በኋላ ለምን ስትላት፣ ከኔ ሌላ በጥፋቱ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ፈልጌ ነው ብላ መለሰችላት።

ቢያድግልኝ ነገሩን ሰምቶ አልጮኸም ይላሉ። ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። አስናቀ ሩቅ ነው፤ አባቱ አቶ ዓለምነው ግን ከቢያድግልኝ ማሳ ማዶ ለገብስ መሬቱን እያረሰ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ እድሜ ልኩን ከሰው ጋር ክፉ ተናግሮ የማያውቅ። ቢያድግልኝ ሽቅብ እየወጣ ሲመጣ አይቶ እርፉን እንደያዘ ደህና አደርክ አለው። ቢያድግልኝ በሱ ላይ አልተኮሰም። በቀንበሩ ሥር ያለውን ቀዩን በሬ ግንባሩን መታው። በሬው ወደቀ፤ ጓደኛውንም ቀንበሩ ጎትቶ አንበረከከው። «ልጅህን ጠይቀው» አለና ተመለሰ።

አገሩ ታመሰ። ደም እንዳይፈስ ሽማግሌዎች በመሐል ገቡ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ዋርካው ሥር ተሰብስበው ዝናሽንና መክሊትን ከደብረ ታቦር አስጠሩ። ለአስናቀም ደወሉለትና ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን በድምፅ ማጉያው አደረጉት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሙት አይወቀስምና እውነቱን ተናገር አለው።  አስናቀ ጉዳዩ በኩባንያው ተመርምሮ ያለቀ መሆኑን፣ ጥፋቱም የማሩ የራሱ መሆኑን፣ ዝናሽ ኀዘን በዝቶባት ያልተባለ ሰምታ እንደሆነ ተናገረ። መክሊትን አነሳና ደህና ልጅ ናት፣ ሥራዋን አታበላሹባት አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ሁሉም ወደ ዝናሽ አየ። እሷ ለመናገር አፏን ስትከፍት አቶ ዓለምነው ተነሳ።

«ልጄ ሲዋሽ ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ።

ከዚያ በላይ አልተናገረም። ከካቡ ሥር ትልቅ ድንጋይ መርጦ ማጅራቱ ላይ አደረገ። ሁለት ሰዎች ሊያግዙት ሲሉ በእጁ ከለከላቸው። ጎንበስ ብሎ እየተንገዳገደ መጣና በቢያድግልኝና በዝናሽ ፊት ተንበረከከ። «ስለ ማርያም ማሩኝ» አለ።

ዝናሽ ወዲያው «ይነሱ አባቴ፣ አንቱ ምን አደረጉ» አለች። ግን ባለደሙ ወንድምየው ነውና ቃሉ ከሱ መውጣት ነበረበት። ቢያድግልኝ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሞ ሽማግሌውን ቁልቁል ያየዋል። ካህኑ መስቀሉን ዘርግተው ለመኑት። ሽማግሌዎቹ ለመኑት።  የአቶ ዓለምነው እጆች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ከአፍንጫው ላብ ይንጠባጠባል፤ ድንጋዩ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል በክርኑ ይመልሰዋል። ዝናሽ የቢያድግልኝን እጅ ይዛ ሳመች። ቢሆንም አልተናገረም። ቆየ። ሽማግሌው በመጨረሻ በግንባሩ መሬቱ ላይ ተደፋና ድንጋዩ ከማጅራቱ ተንሸራቶ ጆሮው አጠገብ ወደቀ። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ «ለእግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» አለና ፊቱን አዞረ።

ዕርቅ ወረደ ተባለ። ጠላ ተቀዳ፤ ካህኑ አሳረጉ። አቶ ዓለምነውን በቃሬዛ ቤቱ ወሰዱት። ከዚያ ቀን በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲሄድ ያየው የለም፤ የቀረውን መሬትም ጎረቤት በወንፈል አረሰለት። አስናቀ ለአባቱ የበሬ መግዣ ልኮ ነበር ይላሉ፤ ሽማግሌው አልተቀበለም።

መክሊት ካቡን ተደግፋ ሁሉንም አየች። በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ የጉናን ጭጋግ እያየች ተጓዘች። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ወደ ሥራዋ እንደምትሄድ ለእናቷ ነገረቻት። ዝናሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዴት ብትላት፣ «እዚህ ቀርቼ ምን እሆናለሁ? እነ እንትና የተመረቁት ካቻምና ነው፤ ባጃጅ ይነዳሉ» አለቻት። አስናቀም ስሟን አልሰረዘም፤ ኩባንያው በውጤቷ ነው የፈለጋት። ተመርቃ ስትሄድ ዝናሽ ዳቦ ቆሎ ቆልታ ሰጠቻት። መናኸሪያው ላይ ሲለያዩ ሁለቱም ማልቀሱን ፈሩት። አንዷ ብትጀምር ሌላዋ የምትናገረው ይኖራታልና።

መክሊት የተመደበችው ከተማ ባለው መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ከጉድጓዶቹ የሚመጣውን ቁጥር ከስክሪን ላይ እያየች ትውላለች፤ አንዱ ሲያቅበጠብጠው ወደ ቆላው ደውላ ሰው እንዲልኩ ታዛለች። ጎበዝ ነሽ ብለዋታል። በየሳምንቱ ትደውላለች። ዝናሽም ትጠይቃለች፤ በላሽ ወይ፣ ታመምሽ ወይ። ስለ ፊልሙ አያነሱም ነበር።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ግን ዝናሽ ውስጥ ሌላ ነገር ተነሣ። ከማሩ የቀራት የሠርግ ፎቶና የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ቀጥ ብሎ ይታያል። የሚንቀሳቀስ ማሩ በዓለም ላይ ያለው በዚያ ፊልም ውስጥ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አዳራሹን ስትጠርግ ከመድረኩ ፊት ቆማ ባዶውን ግድግዳ ስታይ ቆየች። መውረዱን ማየት አልፈለገችም። ከምስሉ ጫፍ እስከ ጉድጓዱ አፍ ያለችውን መንገድ፣ እግሩን ወደ ውጭ እያወጣ ሲመጣ፣ ያንን ብቻ ነው የፈለገችው። በሚቀጥለው ጊዜ መክሊት ስትደውል ፊልሙን እንድትልክላት ለመነቻት።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ዝናሽ ሁለት ጊዜ ሃሎ አለች።

«የለም እማዬ» አለች መክሊት። «እኔ ነኝ ያስጠፋሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። መክሊት ሥራ በጀመረች ሰሞን ለአለቆቿ አመልክታ፣ የሟቹ ልጅ መሆኗን ተናግራ፣ አባቷ እያማተበ መሳቂያ እንዳይሆን ለምና ነበር። እናቷን ደስ የምታሰኝ መስሏት ምሥጢር አድርጋ ይዛው፣ ሲሳካ ልትነግራት ፈልጋ ነው። አለቆቿም አመስግነዋት ጥያቄዋን ተቀበሉ። የድሮውን ፊልም ከኩባንያው ማከማቻ ሁሉ ደመሰሱት፤ ቤተሰብ ቅር ያለው ምስል ማስቀመጥ ደንብ አይፈቅድም ተባለ። በምትኩ በኮምፒውተር የተሣለ ፊልም ተሠራ።

መክሊት አዲሱን ላከችላት። ዝናሽ የስልኩን ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ቢጫ ልብስ የለበሰ፣ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ዓይንና አፍንጫ የሌለው ሰው ወደ ጉድጓድ ይመጣል። አያማትብም። አንድ ደወል በእጁ ያጠፋና ይወርዳል። ከዚያ በፊደል «ሠራተኛው ማንቂያውን ራሱ አጥፍቷል» የሚል ይነበባል።

መልሳ ደወለች። «ደወሉን አሁንም እሱ ነው የሚያጠፋው» አለቻት።

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች መክሊት። «እሱን ብጠይቅ ከሥራ እወጣለሁ።» ከጀርባዋ የሆነ ማሽን ይጮኻል፤ ሌላ ሰው ይጠራታል። አንዱ ጉድጓድ ቆሞ ነው፣ ልሂድ አለችና ዘጋች።

ዝናሽ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከጎረቤት የመጣች ሴት ምን ነው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ደህና ናት ወይ ማለቷ ነው።

«ደህና ናት» አለች ዝናሽ። «ሥራ ላይ ናት።»